የቁልቁለቱ ጸጥታ

ሲፈጥረው ፈሪ ሰው ነው። ይህ ሐሜት አይደለም፤ ቢሰማም አይቀየምም። መሰላል አይወጣም፣ ምድጃ ሲለኮስ ወደ በሩ ይጠጋል፣ ሰው ሲያንኳኳ በመስኮት አጮልቆ ሳያይ አይከፍትም። ሚስቱ «የኔ ባል እኮ ጥላው ከኋላው ከመጣበት መንገድ ይለቅለታል» እያለች ጎረቤቱን ታስቃለች። እንዲህ ያለ ሰው ዕድሜውን በሹፌርነት መጨረሱ ይገርም ይሆናል፤ ምን ይነዳ እንደነበር ሲሰሙ ግን አይገርምም። የማዘጋጃ ቤት የውሃ ቦቴ ነበር የሚነዳው። ቦቴዋ ሆዷ እስኪያብጥ ውሃ ሞልታ፣ ሜዳ ሜዳውን፣ ብስክሌት እየቀደማት ትሄዳለች። ከኋላው ጥሩንባ የሚነፋ ሲበዛበት አንገቱን በመስኮት አውጥቶ «ቀስ በል አንተ! ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል!» ይላል። ተረቷ ከአፉ ስለማትጠፋ ሹፌሮቹ ስሙን ትተው «እንቁላሉ» አሉት። ጡረታ ሲወጣ አንድ ጭረት፣ አንድ ቅጣት የለበትም። በዚህ ዓለም የሚኮራበት ነገር ቢኖር እሱ ብቻ ነበር።

«ፈሪ ለእናቱ» ይባላል። የእንቁላሉ ፍርሃት ግን ለልጁ ነበር። ብዙ ጠብቀው ያገኟት አንዲት ልጅ ናት፤ የሚያናድደው ደግሞ ልጅቷ ፍርሃት የሚባል ነገር ያልፈጠረባት መሆኑ ነው። ገና በልጅነቷ አጥር ላይ ወጥታ እግሯን እያወዛወዘች ታፏጫለች፤ አባቷ ከታች እጁን ዘርግቶ «ውረጂልኝ እናቴ፣ ኧረ ትንሽ ፍሪ» እያለ ይለማመጣል። እሷ ትስቃለች። አድጋ መምህርት ሆነች፤ ያውም የተመደበችው ተራራው ላይ ያለው ትምህርት ቤት ነው። ሰውየው የምደባውን ወሬ ሲሰማ ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ።

ተራራው ከከተማው ወጣ እንዳሉ ይጀምራል። መንገዱ አፈርና ጠጠር ነው፤ በአንድ ወገን የተቆረጠ ኮረብታ፣ በሌላው ገደል፤ እየተጠማዘዘ ይወጣል፣ እየተጠማዘዘ ይወርዳል። በዚያ ላይ የሚመላለሰው አግዳሚ ወንበር የተገጠመለት አንድ የጭነት መኪና ብቻ ነው። ሹፌሩ «ነፋሱ» የሚባል ጎረምሳ ነው። እንቁላሉ ይህን ልጅ መናኸሪያ ቆሞ ተመልክቶታል። አንድ እጁ መሪ ላይ፣ አንዱ በመስኮት ተንጠልጥሎ፣ ዘፈኑ ጣራ እየነቀለ፣ ከመናኸሪያ ሲወጣ አቧራው ብቻ ነው የሚታየው። ያን ዕለት ቤቱ ሄዶ ለሚስቱ «ልጄ እዚያ ላይ ከምትሳፈር እኔ ልሙት» አላት። ሚስቱም «ተው እንጂ፣ መኪና ትገዛለህ እንጂ ሞት ምን ይሠራልሃል» አለችው፤ ለቀልድ ነበር። እሱ ግን ቃሏን ያዛት።

ከአባቱ የወረሳትን ትንሽ ሱቅ ሸጠ። በዚያ ገንዘብ ተራራ የሚወጣ ናፍጣ መኪና አይገኝም፤ ናፍጣ የሆነውን ሁሉ ሰው ይሻማበታል። ባለ ቤንዚኗ ግን ሻጩ ግቢ ጥግ ላይ፣ ቅጠል ለብሳ፣ ፈላጊ አጥታ ቆማ ነበር። ያገለገለች፣ ሰፊ ጎማ ያላት፣ አራቱም እግሯ የሚጎትት መኪና። ሻጩ ኮፈኗን መታ መታ አድርጎ «ከቤንዚን በስተቀር ምንም አትጠይቅህም» አለው። እንቁላሉ ሥሯ ገብቶ ተንጋለለ፣ አሸተታት፣ በጥፍሩ ዝገት ፈለገ፤ አላመነም። ወዳጁን መካኒኩን አመጣ። መካኒኩ ቀልደኛ ሽማግሌ ነው፤ ሞተሩን አስነስቶ ጆሮውን ዘንበል አደረገ።

«ጤነኛ ናት፣ ግዛት» አለ።

«ቤንዚን ትጠጣለች ይላሉ።»

«ትጠጣለች። ሰካራም ግን አይደለችም፤ የጠጣችውን ያህል ትሠራለች።»

ሁለቱም እውነት ተናግረዋል። መኪናዋ በብርድ ጠዋት ቁልፍ ሲነካ ትነሳለች። ጭቃ አይዛትም፣ ድንጋይ አያስነክሳትም፣ ዘይትና ካንዴላ በወቅቱ ከተቀየረላት ቅሬታ የላትም። ይህ ሁሉ ግን ሰውየውን አላረጋጋውም፤ እንዲያውም አስጨነቀው። መቼ ነው ጉዷን የምታወጣው እያለ ዘወትር ያዳምጣታል። ሬዲዮ አይከፍትም። በር ሲንቋቋ ወደ ጋራዥ፣ መጥረጊያው ሲጮህ ወደ ጋራዥ። ጋራዡ በዘይት የጠቆረ ደጅ ነው፤ መካኒኩ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጦ ሲመጣ ያየውና «አንተ ትታመማለህ፣ እሷ ትመረመራለች» ይለዋል።

የትምህርት ቤቱ ሌሎች መምህራንም ተጨመሩ። ለቤንዚኑ እያዋጡ ጠዋት ይወጣሉ፣ ከሰዓት ይወርዳሉ። ልጁ ከኋላ መስኮቱ ዳር ትቀመጣለች፤ ከፊት ደግሞ የሂሳብ መምህሩ፣ አፉ የማያርፍ ደግ ሰው። በሰላም ሄደው በሰላም ሲመለሱ ሰነበቱ።

ከዚያ ቤንዚን ተወደደ። አንዴ ብቻ ቢሆን ጥሩ፤ ተወደደ፣ ደግሞ ተወደደ። ዳገቱ ደግሞ ከባድ ማርሽ ይፈልጋል፤ መኪናዋ እያጓራች ስትወጣ የነዳጁ መርፌ ዓይን እያየ ዝቅ ይላል። እንቁላሉ አንድ ዓይኑ ገደሉ ላይ፣ አንድ ዓይኑ መርፌው ላይ ሆነ። ማደያ ሲደርስ የቀጂው እጅ ላይ አፍጦ «በቃ፣ በቃ» ይላል፤ ሳይሞላ ይሄዳል። አንድ ጠዋት የሂሳብ መምህሩ አፍሮ አፍሮ «ጋሼ፣ እኛ ከዚህ በላይ ማዋጣት አንችልም። ምናልባት ወደ ነፋሱ ብንመለስ…» አለ።

ልጁም ከኋላ «እውነቱን ነው አባዬ። አንተም ዕረፍ። ጡረታህን ለቤንዚን ስትገፈግፍ እማዬም አላማራትም። እኔም ከእነሱ ጋር በነፋሱ እሄዳለሁ» አለች። ቀለል አድርጋ ነበር ያለችው፤ ሱቅ ደርሼ ልምጣ እንደማለት።

እንቁላሉ በመስተዋቱ ልጁን አየ። በዓይኑ የታየው ያ የጭነት መኪና ነው፤ ያ የተንጠለጠለ እጅ፣ ያ ዘፈን፣ አግዳሚው ላይ ደግሞ የሱ ልጅ። «ማንም ምንም አይጨምር» አለ። «እስካሁን የምታዋጡት ይበቃል። እኔ መላ አለኝ።»

መላ አልነበረውም። መላውን ያገኘው ማደያው ጋ ወረፋ ሲጠብቅ፣ ሁለት ሹፌሮች ሲጨዋወቱ ነው። «ቁልቁለትማ የነፃ ነው» አለ አንደኛው። «አጥፍተህ መልቀቅ ነው፤ ራሷ ትወርዳለች።» ሌላው ሳቀ። እንቁላሉ ግን አልሳቀም። በሌላ ቀን ቢሆን እንዲህ ያለውን ሰው «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ብሎ በተረት ይገርፈው ነበር። ያን ዕለት ዝም ብሎ ሰማ።

መጀመሪያ የሞከረው ዕለት፣ ተራራው ጫፍ ላይ ማርሹን አወጣ፣ ቁልፉን መለስ አደረገ፣ ሞተሩ ጠፋ። መኪናዋ ለአፍታ ያመነታች መሰለችና ራሷ መንቀሳቀስ ጀመረች። መሪው ከበደ። እግሩን ፍሬኑ ላይ ለስለስ አድርጎ ጭኖ፣ ሳያነሳ ሳያጠብቅ፣ ትንፋሹን ይዞ ወረደ። ታች ሲደርስ ሁለተኛ ማርሽ አስገብቶ ፍሪሲዮኑን ሲለቅ ሞተሩ በዝላይ ተነሳ። መርፌው ንቅንቅ አላለም። ዝምታ ወርቅ ነው ያሉት አበው ይህን አስበው ባይሆንም ልክ ነበሩ።

ተሳፋሪዎቹ ምንም አላወቁም። ብቻ ወደዱት። «ስንወርድ እንዴት ደስ ይላል! ወፍ እንኳ ይሰማል» አለ የሂሳብ መምህሩ። ልጁማ ጭንቅላቷን መስኮቱ ላይ አስደግፋ እንቅልፍ ጣላት። ታች ሞተሩ ሲነሳ ነቃ ብላ «ደረስን?» አለች። ከዚያ በኋላ ይህ ልማዷ ሆነ። ቀኑን ሙሉ ስታስተምር ደክማ ትመጣለች፣ ጸጥታው ሲጀምር ትተኛለች፣ ዝላዩ ሲቀሰቅሳት «ደረስን?» ትላለች። አባቷ በመስተዋቱ የተኛ ፊቷን እያየ ይጸልያል። «ዛሬን ብቻ» ይላል። በማግስቱም ዛሬን ብቻ ይላል።

ሰው ለለመደው ነገር ፍርሃቱ ይቀንሳል ይባላል፤ እሱ ግን አልቀነሰለትም። ሸሚዙ ጀርባው ላይ እየተጣበቀ ይገባል። ሚስቱ ስታጥበው «መኪናዋን ነዳሃት ወይስ ገፋሃት?» ትለዋለች። ሊስቅ ይሞክራል፤ ሳቁ ግን አይመጣም። ሌሊት እንኳን ተኝቶ ቀኝ እግሩ አንሶላውን ይረግጣል። የሚገርመው ግን በዚህ ሁሉ ፍርሃት ውስጥ አንድም ጊዜ ልክ አይደለሁም ብሎ አለማሰቡ ነው። ዋናው ፍርሃቱ ነፋሱ ነበር። ከነፋሱ እስካዳናት ድረስ ሌላው ፍርሃት የሚከፈል ዋጋ መሰለው።

አንድ ቀን ትምህርት ሲያልቅ ሲዘንብ ቆይቶ አባራ። መንገዱ ያብረቀርቃል፣ ቦዩ ጎርፍ ይዞ ይንፎለፎላል። እንቁላሉ ጫፉ ላይ ሲደርስ ዛሬስ አላጠፋም አለ። ወዲያው መርፌውን አየ፤ ልትጋደም ምንም አልቀራት። ቁልፉን መለሰ።

ጸጥታው መጣ። የሂሳብ መምህሩ ስለ ፈተና ወረቀት ያወራል። ልጁ ተኝታለች። የመጀመሪያውን ኩርባ አለፉ፣ ሁለተኛውን አለፉ። ሦስተኛው ላይ ሲታጠፉ መንገዱ መሃል ሰው ሞልቷል።

የነፋሱ መኪና ቆሟል። ተሳፋሪዎቹ ወርደው እግራቸውን ያፍታታሉ፤ አንዲት ሴት ጃንጥላዋን ታራግፋለች፣ ሁለት ሰዎች ጀርባቸውን ሰጥተው ይጫወታሉ። ማንም ቀና አላለም። እንቁላሉ ፍሬኑን ረገጠው፤ መኪናዋ ጭቃው ላይ ስትንሸራተት ፈርቶ ለቀቀው፤ ደግሞ ረገጠው፤ ለቀቀው። ለሦስተኛ ጊዜ ሲረግጠው ፔዳሉ አልሄደም። እግሩ ሥር ድንጋይ የተተከለ ይመስል እምቢ አለ። በሁለት እግሩ ቆመበት፤ እምቢ አለ። ማርሽ ማስገባት የሚባል ነገር፣ ጥሩንባ የሚባል ነገር፣ የእጅ ፍሬን የሚባል ነገር፣ ዕድሜ ልኩን የሠራበት ሁሉ ከራሱ ላይ በኖ ጠፋ። ልጄ፣ ልጄ፣ ልጄ ብቻ ነው የቀረው። አፉን ከፈተ፤ ድምፅ አልወጣም። በግራ ገደል፣ ፊት ለፊት ሰው። ያን የከበደ መሪ በሙሉ ክብደቱ ወደ ቀኝ ጎተተው።

መኪናዋ ቦዩ ውስጥ ገባች። ጭቃው ጎማዋን ያዘው፣ ኮረብታው በሯን ፋቀው፣ የጎን መስተዋቷ ተሰብሮ በረረ። እየተንፏቀቀች፣ እየተንፏቀቀች ሄዳ ቆመች። ጃንጥላ የያዘችው ሴት ኮፈኑ ጫፍ አጠገብ ነበረች፤ ከድንጋጤዋ የተነሳ ጃንጥላዋን መኪናዋ ላይ አስደግፋ ቀረች።

ከኋላ መስኮቱ ዳር ልጁ ዓይኗን አሸት አሸት አድርጋ «ደረስን?» አለች።

ከዚያ ጩኸቱ ተጀመረ። ሰው ተሰበሰበ፣ ተቃቀፈ፣ ፈጣሪን አመሰገነ። የተጎዳ የለም። የሂሳብ መምህሩ «ፍሬን እንቢ ብሎ ነው! ጋሼ ባይሆን ኖሮ አልቀን ነበር! ሌላ ሹፌር ቢሆን ገደል ይዞን ይገባ ነበር!» እያለ ለሁሉም ይተርካል። ሰዎቹ የእንቁላሉን ትከሻ ይስሙታል። እሱ ቦዩ ዳር ቆሞ ጥርሱ ይንቀጫቀጫል፤ ምስጋናው እንደ ውርጭ ነው የገባበት።

ነፋሱ ከጎማው ሥር ወጣ። እጁ በጭቃ ተለውሷል። እንቁላሉ ያኔ ነው ያየው፤ ጎረምሳው ለጎማዎቹ ድንጋይ ደግፎ፣ ተንበርክኮ፣ ፍሬኑ ግሎ እንደሆነ በእጁ እየዳሰሰ ኖሯል። ከከባዱ ኩርባ በፊት ሁልጊዜ ይቆማል፣ ሰዎቹን ያወርዳል፣ ፍሬኑን ያበርዳል፤ እነሱ በእግራቸው ኩርባውን ጨርሰው ታች ይሳፈራሉ። ይህን የማያውቅ ተሳፋሪ የለም። የማያውቀው ተሳፍሮ የማያውቀው እንቁላሉ ብቻ ነው። ነፋሱን ያየው መናኸሪያ ላይ፣ ሜዳው ላይ ብቻ ነበር።

ጎረምሳው ጠጋ ብሎ፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ጋሼ፣ መኪና ሲመጣ ከሰማሁ ሰዎቹን ወደ ዳር አስወጣቸዋለሁ። እርስዎ ሲመጡ ምንም አልሰማሁም።»

እንቁላሉ የተሰበረውን መስተዋት ከጭቃው አነሳ። ነፋሱም ሌላ አልጠየቀም። ገመድ አምጥቶ መኪናዋን ከቦዩ ሳባት። ቁልፍ ሲነካ እንደ ወትሮዋ ወዲያው ተነሳች፤ እንቁላሉም የቀረውን መንገድ በከባድ ማርሽ ወረደው።

በማግስቱ ልጁ «እኔም እመጣለሁ፤ ፍሬኑ በደንብ ካልተሠራ አላምንም» ብላ ጋራዥ ተከተለችው። ተዪ ቢላት እምቢ አለች። መካኒኩ መኪናዋን ግቢው ውስጥ ዞር ዞር አደረጋት፣ ረገጠ፣ አቆመ፣ ጎማ አወለቀ፣ መልሶ ገጠመ። እጁን በጨርቅ እየጠረገ መጣ።

«ፍሬኑ ምንም አልሆነም» አለ። «በሩን ደብድቤ አቃናዋለሁ፤ ሌላ ምንም የላትም።»

«እንዴት ምንም አልሆነም?» አለች ልጅቷ። «ትናንት እኮ እንቢ ብሎ ነው ልንሞት የነበረው!»

«ሞተሩ እየሠራ እንቢ አይልም የኔ ልጅ። ፍሬኑን የሚያግዘው ሞተሩ ነው። ሞተር ከጠፋ አንድ ሁለቴ ይረገጥልሻል፣ ከዚያ ድንጋይ ነው።» ይህን ሲል ወደ ወዳጁ ዞረ፤ የወዳጁን ፊት ሲያይ ጨዋታው ከአፉ ጠፋ። ጨርቁን አጣጥፎ «እጄን ልታጠብ» ብሎ ወደ በርሜሉ ሄደ።

አባትና ልጅ በዘይት የጠቆረው ደጅ ላይ ቀሩ። እንቁላሉ ጫማውን ያያል።

«ቤንዚኑ…» አለ።

ልጁ ወደ መኪናዋ ዞረች። «ያ ጸጥታ እሱ ነው?» አለች። «እኔ እኮ መኪናዋ ስትወርድ እንደዚያ የምትሆን ነበር የመሰለኝ። በየቀኑ ነው እንዴ አባዬ?»

«በነፋሱ እሄዳለሁ እንዳትይኝ ፈራሁ።»

«እኔ እኮ እተኛ ነበር» አለች። «አባዬ ነው የሚነዳው ብዬ እተኛ ነበር።»

ብትጮህበት ደስ ባለው። ብትሰድበው፣ እናቷን ጠርታ ብታስፈርድበት። አልጮኸችም። የተፋቀውን በር በጣቷ ዳሰስ አደረገችና ወደ ቤት በእግሯ ሄደች። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል የሚለውን ተረት ሰውየው ለስንቱ ሲተርት ኖሯል፤ ያን ዕለት ለራሱ ደረሰው።

ከነፋሱ ጋር ትሄዳለች ብሎ ጠብቆ ነበር፤ እንዲያውም ሂጂ ሊላት ቆርጦ ነበር። በሚቀጥለው የሥራ ቀን ጠዋት ግን ቦርሳዋን ይዛ መጥታ መኪናዋ ውስጥ ገባች። ከኋላ መስኮቱ ዳር አይደለም፤ ከፊት፣ ከአባቷ ጎን። የሂሳብ መምህሩ ቦታውን ለቀቀላት፤ ምን እንደሆነ ባይገባውም ቀኑን ሙሉ አልቀለደም።

ከሰዓት በኋላ ወረዱ። ፀሐይ ነው፣ መንገዱ ደርቋል። ጫፉ ላይ እንቁላሉ ሁለተኛ ማርሽ አስገባ፤ ሞተሩ እየጮኸ፣ መኪናዋን ወደ ኋላ ሰብስቦ እየያዘ፣ ቤንዚኑን እየጠጣ ወረደ። መርፌዋን አላያትም። ይጠጣ፣ ቤቱንም ይጠጣ አለ በልቡ። ከዚህ በበለጠ ጥንቃቄ በዚያ መንገድ ላይ ማንም ነድቶ አያውቅም።

«ተኚ እንጂ እናቴ» አላት። «ደክሞሻል።»

«አልደከመኝም።»

ቀና ብላ ተቀምጣለች። አንድ እጇ የበሩን መያዣ ጨብጧል፣ ጣቶቿ ነጥተዋል። ዓይኗ መንገዱ ላይ አይደለም፤ ቁልፉ ላይ ነው። ኩርባው ጋ ሞተሩ ድምፁን ትንሽ ለወጥ ሲያደርግ ትከሻዋ ዘለለ። ሰውየው ያን ፊት ያውቀዋል፤ ጢሙን ሲላጭ በየጠዋቱ የሚያየው ፊት ነው። ያቺ አጥር ላይ ሆና እግሯን የምታወዛውዝ ልጅ፣ ስንት ዓመት ፍሪ እያለ የለመናት ልጅ፣ አሁን ፈራች። ሱቁ የተሸጠባትን መኪና፣ ቀሪ ዕድሜውን ጭምር ወስደው እንደ ድሮው መስኮቱ ላይ ተደግፋ እንድትተኛ ቢያደርጉለት ይሰጥ ነበር።

ወደ ቀጣዩ ኩርባ እየተጠጉ ነው። መኪናዋ በሰው እርምጃ ትሄዳለች።

«አባዬ» አለች ልጁ፤ የበሩን መያዣ ሳትለቅ። «ቀስ በል።»

በሹፌርነት ዘመኑ ሁሉ ይህን ቃል ለሰው ሲናገር ነው የኖረው። ለእሱ የተናገረው ሰው ግን እስከዚያ ቀን አልነበረም።